“ሹመት ያዳብር” ከመባሉ በፊት፡- ወደ ከፍተኛ ኃላፊነት የሚያደርሱ የግል ባሕርያት

በአገራችን አንድ ሰው ሲሾም “ሹመት ያዳብር” እንለዋለን፡፡ ምርቃቱ መልካም ነው፡፡ ሆኖም ሹመቱ ከተገኘ በኋላ የሚነገር ስለሆነ ሰውየው በምን መንገድ እዚያ እንደደረሰ አይነግረንም፡፡ ስለ መንገዱ የምናወራው መርቀን ዞር ካልን በኋላ ነው፡፡ “ዘመድ አለው”፣ “የእነ እገሌ ሰው ነው”፣ “ዕድሉ ነው” እንላለን፡፡ አንዳንዴ እውነታችንን ነው፡፡ ሹመት በዝምድና፣ በአገር ልጅነት ወይም በፖለቲካ ወገንተኝነት ሲሰጥ ያላየ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም፡፡ ሁልጊዜ ግን እውነታችንን አይደለም፡፡ ይህን ለማወቅ እኔ ራሴ ዋጋ ከፍያለሁ፡፡

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት የግዥ መምሪያ ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ፡፡ የምክትል ሥራ አስኪያጅነት ቦታ ክፍት መሆኑ ሲሰማ “ከእኔ ሌላ ማን አለ?” ብዬ ነበር፡፡ የሥራ ልምዴ ከሁሉም ይበልጣል፡፡ የአፈጻጸም ምዘና ነጥቤ በየዓመቱ ከፍተኛ ነው፡፡ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር ቢሮ እገባለሁ፡፡ የተሾመው ግን በአገልግሎት ዘመን አምስት ዓመት የምበልጠው የቴክኒክ መምሪያው ኃላፊ ሆነ፡፡ እኔም “ሹመት ያዳብር” አልኩት፡፡ ቤቴ ገብቼ ግን ለባለቤቴ “የሥራ አስኪያጁ ያገር ልጅ ስለሆነ ነው” አልኳት፡፡ ይህንኑ እየደጋገምኩ ሁለት ዓመት ያህል ኖርኩ፡፡

ከዚያ በኋላ ነው በማኔጅመንት ኮሚቴው ውስጥ የነበሩና ጡረታ የወጡ አንድ የቀድሞ አለቃዬን ለቅሶ ቤት ያገኘኋቸው፡፡ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ነገሩን አነሣሁባቸው፡፡ “ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፡፡ ያኔ ለምን ተዋችሁኝ?” አልኳቸው፡፡ ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፡፡ “አንተ የዓመት ፈቃድ ስትወጣ ግዥ ይቆማል፡፡ ሠራተኞችህ ይፈሩሃል፤ ያ የጨረታ ስህተት ሦስት ሳምንት ሙሉ የተደበቀው ለዚህ ነው፡፡ ስብሰባ ላይ ደግሞ ስለ ግዥ እንጂ ስለ ድርጅቱ ስትናገር ሰምተንህ አናውቅም፡፡ ሥራህን የሚነቅፍ አልነበረም፡፡ ድርጅቱን በአንተ እጅ ለማስቀመጥ ግን ፈራን፡፡”

ያን ቀን ተናድጄ ነበር የተለየኋቸው፡፡ ውሎ ሲያድር ግን ሰዎች እንዴት ወደ ከፍተኛ አመራር እንደሚደርሱ፣ አንዳንዶችም ለምን ከመንገድ እንደሚቀሩ የተጻፈውን ማንበብና የታወቁ መሪዎችን የሥራ ታሪክ መከታተል ጀመርኩ፡፡ ያገኘሁት ከእኒህ ሽማግሌ ቃል ብዙ የራቀ አይደለም፡፡ በሙያ ጎበዝ መሆን እስከ መምሪያ ኃላፊነት ያደርሳል፡፡ ከዚያ በላይ ለመውጣት ግን ሹመት ሰጪዎቹ የእኛ ያልሆነውን ሥራና የእኛ ያልሆኑትን ሰዎች ጭምር በአደራ ሊሰጡን መድፈር አለባቸው፡፡ ከዚህ በታች የማነሣቸው ባሕርያት ሁሉ ያንን አመኔታ የሚያስገኙ ናቸው፡፡

ሙያ እስከ የት ያደርሳል?

ሮበርት ካትዝ የተባሉ አሜሪካዊ የማኔጅመንት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1955 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባሳተሙት ጽሑፍ የአንድ ሥራ መሪ ችሎታ በሦስት እንደሚከፈል አስረድተው ነበር፡፡ አንደኛው የሙያ ችሎታ ነው፡፡ ሁለተኛው ከሰው ጋር የመሥራት ችሎታ ነው፡፡ ሦስተኛው ደግሞ ድርጅቱን በጠቅላላ አይቶ አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር እንዴት እንደተሳሰረ የመረዳት ችሎታ ነው፡፡ በታችኛው የኃላፊነት ደረጃ የሙያ ችሎታ ከፍተኛ ዋጋ አለው፡፡ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ግን የእሱ ድርሻ እየቀነሰ፣ የሦስተኛው ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል፡፡ ከሰው ጋር መሥራት ግን በየትኛውም ደረጃ ያስፈልጋል፡፡

ይህን ያልተረዳ ድርጅት ምን እንደሚገጥመው ሎረንስ ፒተር እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣውና ከሬይመንድ ሃል ጋር ባዘጋጁት መጽሐፋቸው በቀልድ እያዋዙ ጽፈዋል፡፡ ሠራተኛው በያዘው ሥራ ጎበዝ ስለሆነ ያድጋል፡፡ በአዲሱም ጎበዝ ከሆነ እንደገና ያድጋል፡፡ በመጨረሻ የማይችለው ወንበር ላይ ሲደርስ ዕድገቱ ይቆማል፤ እሱም እዚያው ተቀምጦ ይቀራል፡፡ ምርጥ የሒሳብ ባለሙያ የነበረ ሰው የፋይናንስ ኃላፊ ሆኖ ሠራተኛውን ሁሉ ሲያስመርር አይተን እናውቅ የለ? ሒሳቡ አልጠፋበትም፡፡ ሥራው ግን ሒሳብ መሥራት መሆኑ አብቅቶ ነበር፡፡

1. ከራስ መምሪያ አሻግሮ ማየት

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፡፡ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከታትለው የመሩትን ሦስት ሰዎች እንመልከት፡፡ አቶ ግርማ ዋቄ አየር መንገዱን የተቀላቀሉት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፡፡ ረጅም ዘመን ካገለገሉ በኋላ ወደ ገልፍ ኤር ሄደው ሠሩ፤ በ2004 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ተመለሱ፡፡ ከእሳቸው ቀጥሎ በጥር 2011 እ.ኤ.አ. የተሾሙት አቶ ተወልደ ገብረማርያም በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲቀጠሩ የትራንስፖርት ኤጀንት ነበሩ፡፡ በውጭ አገር ቢሮዎች ኃላፊነት፣ በገበያና ሽያጭ፣ ከዚያም በዋና ኦፕሬሽን ኃላፊነት አልፈው ነው ላይ የደረሱት፡፡ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. የተተኩት አቶ መስፍን ጣሰው ደግሞ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ባለሙያ ናቸው፡፡ በጥገናው በኩል ጀምረው፣ በቢዝነስ አስተዳደር ተጨማሪ ዲግሪ ይዘው፣ ዋና የኦፕሬሽን ኃላፊ ሆነው፣ መቀመጫውን ሎሜ ያደረገውን አስካይ አየር መንገድንም መርተዋል፡፡

ሦስቱም ድርጅቱን ከአንድ መስኮት ብቻ አላዩትም፡፡ በትራንስፖርት ኤጀንትነት የጀመረው የበረራውን ሥራ አውቋል፤ መሐንዲሱ ገቢና ወጪን ተምሯል፡፡ ከድርጅቱ ውጭ ወጥቶ የሠራም አለ፡፡

ሜሪ ባራም እንዲሁ ናቸው፡፡ በ18 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ጄኔራል ሞተርስ ገብተው የመኪና አካል ጥራት ሲቆጣጠሩ ነበር፡፡ አባታቸውም በዚያው ኩባንያ የፖንቲያክ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፡፡ የኤሌክትሪካል መሐንዲሷ ባራ እ.ኤ.አ. በ2009 የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ እንዲሆኑ ተመደቡ፡፡ ብዙ መሐንዲሶች ይህን እንደ መገፋት ይቆጥሩት ይሆናል፡፡ እሳቸው ግን እዚያ ሆነው አሥር ገጽ ያህል የነበረውን የአለባበስ ደንብ “ተገቢ ልብስ ይልበሱ” በሚል መልእክት ተኩት፡፡ ይህን ያደረጉት ኃላፊዎች ራሳቸው አይተው መወሰን እንዲጀምሩ ብለው ነበር፡፡ በሚሊዮን የሚቆጠር በጀት የሚያዝ ኃላፊ ስለ ሠራተኛው ልብስ መወሰን ካቃተው ችግሩ ከልብስ በላይ መሆኑን ተረድተዋል፡፡ በጥር 2014 እ.ኤ.አ. የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ፡፡

2. “አላውቅም” ብሎ መማር

አንድ ሰው ወደ ላይ ሲወጣ የማያውቀው ነገር ይበዛል፤ “አላውቅም” ለማለት ግን ይበልጥ ያፍራል፡፡ የዜሮክስ ኩባንያ መሪ የነበሩት አን መልኬሂ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፡፡ ኩባንያውን የተቀላቀሉት እ.ኤ.አ. በ1976 በሽያጭ ሠራተኛነት ሲሆን፣ የሰው ኃይል አስተዳደሩንም መርተዋል፡፡ በ2000 ፕሬዚዳንት፣ በ2001 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሲሆኑ ኩባንያው ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ለኪሳራ ቀርቦ ነበር፡፡ መልኬሂ የፋይናንስ ትምህርት አልነበራቸውም፡፡ ምን አደረጉ? ከግምጃ ቤቱ ክፍል አንድ የበታች ባለሙያ ጠርተው የሒሳብ ሚዛን እንዴት እንደሚነበብ እንዲያስተምራቸው ጠየቁ፡፡

አለቃ ከበታቹ ሥር ቁጭ ብሎ ሲማር ክብሩ የሚቀንስ ይመስለን ይሆናል፡፡ ኩባንያው ኪሳራ ውስጥ እንዲገባ የሚመክሩ ብዙዎች ቢኖሩም መልኬሂ አልተቀበሉም፡፡ ወጪ ቀንሰው፣ ለአዳዲስ ምርቶች ምርምር የሚውለውን ገንዘብ ግን ጠብቀው ዜሮክስን ወደ ትርፍ መለሱት፡፡

3. እውነትን ወደ ላይ መናገር፣ ከታችም መስማት

መልኬሂን የተኩት ኡርሱላ በርንስ ናቸው፡፡ ከፓናማ የመጡ እናታቸው ኒው ዮርክ ውስጥ በዝቅተኛ ኪራይ የመንግሥት ቤት ለብቻቸው ነው ያሳደጓቸው፡፡ የሜካኒካል መሐንዲሷ በርንስ እ.ኤ.አ. በ1980 በዜሮክስ የክረምት ተለማማጅ ሆኑ፡፡ በ1989 በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ተሳታፊ፣ ከተለያየ ዘር ለመጡ ሰዎች ዕድል መስጠት የሠራተኛውን ጥራት ያወርድ እንደሆነ ጠየቀ፡፡ ከኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ የሆኑት ዌይላንድ ሂክስ በረጋ መንፈስ መልስ ሰጡ፡፡ በርንስ ግን ጥያቄው ራሱ መልስ ሊሰጠው አይገባም ነበር ብለው በቁጣ ተከራከሯቸው፡፡

ሂክስ ሴትዮዋን አስጠርተው አነጋገሯቸው፡፡ ሐሳባቸው ትክክል እንደሆነ፣ የተናገሩበት መንገድ ግን እንዳልሆነ ነገሯቸው፡፡ ከዚያም በ1990 ልዩ ረዳታቸው እንዲሆኑ ጋበዟቸው፡፡ በቀጣዩ ዓመት በወቅቱ የኩባንያው የበላይ ኃላፊ የነበሩት ፖል አሌር በረዳትነት ወሰዷቸው፡፡ በርንስ ከእነዚህ ሰዎች አጠገብ ሆነው ትልቅ ድርጅት እንዴት እንደሚመራ ተማሩ፤ በ2009 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ፡፡ ከታላላቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች አንዱን በዚህ ማዕረግ የመሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው፡፡

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ በርንስን ያሳደጋቸው ቁጣቸው ብቻ አለመሆኑን ነው፡፡ ተግሣጹን ተቀብለው አነጋገራቸውን ማረማቸው ጭምር ነው፡፡ እውነቱን የሚናገር ብዙ ነው፤ እውነቱን ሰው ሊሰማው በሚችል መንገድ የሚናገር ግን ጥቂት ነው፡፡ እንደ ሂክስ የተቆጣቸውን ሠራተኛ አቅርበው የሚያሳድጉም እንዲሁ፡፡

የዚህ ተቃራኒ ከሥልጣን መሰላል እንደሚያወርድ በጥናት ታይቷል፡፡ ሞርጋን ማኮልና ማይክል ሎምባርዶ የተባሉ ተመራማሪዎች ላይ የደረሱ መሪዎችን፣ ትልቅ ተስፋ ተጥሎባቸው ከመንገድ ከቀሩ ጋር አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1983 አቅርበዋል፡፡ ሁለቱም ወገኖች ብልህና ታታሪ ነበሩ፤ ሁለቱም ጉድለት ነበረባቸው፡፡ ከመንገድ ለመቅረት ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሰው ምክንያት ግን ለሰው ስሜት ግድ የለሽ መሆን፣ ማስፈራራትና መጫን ነበር፡፡

ይህን ሳነብ ያ የጨረታ ስህተት ትዝ አለኝ፡፡ አንዲት ሠራተኛዬ የዋጋ ማወዳደሪያ ሰንጠረዥ ላይ ተሳስታ ነበር፡፡ ጉዳዩን በማግስቱ ብትነግረኝ በአንድ ደብዳቤ ይስተካከል ነበር፡፡ ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሠራተኛን ሰው ፊት ስሰድብ አይታ ስለነበር ዝም አለች፡፡ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ድርጅቱ ተጎዳ፡፡ እኔ ጥፋቱን በእሷ ላይ ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ አቀረብኩ፡፡ ኮሚቴው ግን ያንን ደብዳቤ ሲያነብ ያየው እኔን ነበር፡፡

4. ጥፋትን መውሰድ፣ ምስጋናን ማካፈል

ጂም ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ዝነኛ መጽሐፍ 1,435 ኩባንያዎችን መርምረው፣ ከመካከለኛ ውጤት ወደ ላቀ ውጤት ተሸጋግረው ለ15 ዓመታት የዘለቁ 11 ብቻ አገኙ፡፡ የእነዚህን መሪዎች ባሕርይ ሲያዩ ጉረኛና ዝነኛ ሰዎች አልነበሩም፡፡ ትሑትና ዓይን አፋር፣ ለድርጅቱ ዓላማ ግን የማይበገሩ ነበሩ፡፡ ከ11ዱ 10ሩ ከውስጥ ያደጉ ናቸው፡፡ ነገሩ ሲሳካ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ሌሎችን ያመሰግናሉ፤ ሲበላሽ በመስታወት ራሳቸውን ያያሉ ይላሉ ኮሊንስ፡፡ ከእነሱ አንዱ ዳርዊን ስሚዝ የኪምበርሊ ክላርክ የሕግ ባለሙያ ነበሩ፡፡ በ1971 መሪ ሆነው ለ20 ዓመታት ሲያገለግሉ የኩባንያው መሠረት የነበሩትን የወረቀት ፋብሪካዎች ሸጠው ገንዘቡን እንደ ክሊኔክስና ሃጊስ ባሉ የፍጆታ ዕቃዎች ላይ አዋሉት፡፡ ያኔ ብዙ ተተችተውበታል፤ ኋላ ግን አዋጭነቱ ታየ፡፡

ሜሪ ባራ ሥልጣን እንደያዙ የገጠማቸው ፈተና ደግሞ በሰው ሕይወት የመጣ ነበር፡፡ በአንዳንድ የኩባንያው መኪኖች የሞተር ማስነሻ ቁልፍ ላይ ጉድለት ነበረ፡፡ መኪናው እየሄደ ሞተሩ ይጠፋል፤ በግጭት ጊዜም የአየር ከረጢቱ አይነፋም፡፡ በኩባንያው ውስጥ ይህን ያወቁ ሰዎች ነበሩ፤ አሥር ዓመት ያህል ግን ወሬው ከክፍል ክፍል ሲንከባለል ላይ ሳይደርስ ቀረ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያው 2.6 ሚሊዮን መኪኖችን ለጥገና ጠራ፡፡ የካሳ ፈንዱ በመጨረሻ 124 የሞት ጥያቄዎችን ተቀብሏል፡፡ ባራ በኮንግሬስ ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፤ ከውጭ የሕግ ባለሙያ አስመጥተው ጉዳዩን አስመረመሩ፤ ውጤቱንም ለሠራተኛው ይፋ አድርገው 15 ሰዎችን ከሥራ አሰናበቱ፡፡ ከዚያም ማንኛውም ሠራተኛ የደኅንነት ችግር ሲያይ የሚያመለክትበት አሠራር አቋቋሙ፡፡ ከእሳቸው ሹመት በፊት የተፈጠረ ጥፋት ነበር፡፡ “እኔ አልነበርኩም” ማለት ይችሉ ነበር፡፡

5. ተተኪ ማፍራት

ብዙዎቻችን “እኔ ከሌለሁ ሥራው ይቆማል” መባልን እንደ ክብር እንወስደዋለን፡፡ እኔም እንደዚያ ነበርኩ፡፡ ለሹመት ሰጪ ግን ይህ ሁለት ጊዜ ያስፈራል፡፡ አንደኛ፣ ሰውየውን ከቦታው ካነሣነው ቦታው ባዶ ይቀራል፡፡ ሁለተኛ፣ ላይ ሲወጣም የድርጅቱን ሥራ ሁሉ እንደዚያው አንቆ ይይዘዋል፡፡

አቶ ግርማ ዋቄ አየር መንገዱን ሲመሩ እ.ኤ.አ. በ2005 ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ለመግዛት ተወሰነ፡፡ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው በ2012 ነው፡፡ በዚያን ጊዜ መሪው አቶ ተወልደ ነበሩ፡፡ ያኔ እሳቸው ባልነበሩበት ቀን የሚደርስ ነገር ማዘዝ፣ የሚረከበውንም ሰው አጠገብ ማሳደግ የአንድ ሥራ ሁለት ገጽ ነው፡፡ መልኬሂና በርንስም ከ2009 በፊት ለዓመታት አብረው ሠርተው ነው የተረካከቡት፡፡

ይህ ሁሉ ዋስትና አይደለም

ባሕርይ ብቻውን ያሾማል ብዬ አንባቢን ማሞኘት አልፈልግም፡፡ ኮሊንስ ካደነቋቸው 11 ኩባንያዎች ሰርኪት ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ለኪሳራ ከለላ አመልክቶ በቀጣዩ ዓመት ሱቆቹን ዘጋ፡፡ ፋኒ ሜይም በዚያው በ2008 በመንግሥት ሞግዚትነት ሥር ወደቀ፡፡ ትሑት መሪ የነበረው ድርጅትም ይወድቃል፡፡ በእኛም አገር ብቁ ሆነው የተገፉ፣ ሳይበቁ የተሾሙ ሞልተዋል፡፡ “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረት እስካልጠፋ ድረስ ሹመትን እንደ ገበታ የሚያይ አይጠፋም፡፡

ነገር ግን በዘመድ የመጣው ሹመት ዘመድ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፡፡ የተገፋውም ሰው ቢሆን፣ እነዚህን ባሕርያት ካዳበረ በሌላ ድርጅት በር ሲከፈት ዝግጁ ሆኖ ይገኛል፡፡ “ተበደልኩ” ብሎ ብቻ የተቀመጠው ግን እንደ እኔ ሁለት ዓመት ያባክናል፡፡

ራስዎን ይፈትሹ

የኃላፊነት ዕድገት የሚያስቡ አንባቢያን የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለራሳቸው ቢያቀርቡ ይጠቅማቸዋል፡፡

- ስልክዎን ዘግተው ሁለት ሳምንት ፈቃድ ቢወጡ ሥራው ይሄዳል? በእርስዎ ምትክ የሚፈርመውስ ማን ነው?
- በቅርቡ መጥፎ ዜና ይዞልዎት የመጣ የበታች ሠራተኛ አለ? ምን ብለው አስተናገዱት? ማንም ካልመጣ ችግር ስለሌለ ነው ወይስ ስለሚፈሩዎት?
- የድርጅቱ ገቢ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ከፋይናንስ ክፍል ሰው ሳይጠሩ በአምስት ደቂቃ ማስረዳት ይችላሉ?
- በስብሰባ ላይ “ጥፋቱ የእኔ ነው” ያሉት መቼ ነው?
- ከእርስዎ ሥር ወጥቶ ከእርስዎ እኩል ወይም በላይ የደረሰ ሰው አለ?

እኔ እነዚህን ጥያቄዎች ለራሴ ያቀረብኩት ዘግይቼ ነው፡፡ ከዚያ የለቅሶ ቤት ንግግር በኋላ የዓመት ፈቃድ ስወጣ የፊርማ ሥልጣኑን በጽሑፍ ለረዳቴ ሰጥቼ ወጣሁ፡፡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስልኬን ደጋግሜ አይ ነበር፤ ማንም አልደወለም፡፡ ስመለስ ሁለት ግዥዎች ተጠናቀው፣ አንዱ ደግሞ ተበላሽቶ ጠበቀኝ፡፡ የተበላሸውን ረዳቴ ራሱ ሳልጠይቀው ነገረኝ፡፡ ያቺን የጨረታ ሠራተኛም ይቅርታ ጠየቅኋት፤ የጻፍኩባትን ደብዳቤ የሚያርም ሌላ ደብዳቤ ከማኅደሯ ጋር እንዲያያዝ አደረግሁ፡፡

ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሳልሆን ከድርጅቱ ወጣሁ፡፡ ረዳቴ ግን በሌላ ድርጅት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆነ፡፡ ያቺ ሠራተኛም ዛሬ የመምሪያ ኃላፊ ናት፡፡ ደውዬ “ሹመት ያዳብር” ያልኳቸው ዕለት፣ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ በጎን የምነግራት ሌላ ወሬ አልነበረኝም፡፡